ሁለገብ ሳክስፎኑን እስኪያነሳ

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ሁለገብ» ይለዋል። ሳክስፎን ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል፣ ይዘፍናል፣ የተበላሸ አምፕሊፋየር ፈትቶ ይገጥማል፤ የመድረክ ጃኬቶቻችንን እንኳ በየልካችን ያጠበበልን እሱ ነው። ስሙ ሲጠራ ሰው ፈገግ ይላል፤ እኔ ግን አንጀቴ ያርራል። የሚጠራው ሁሉ አንድ የተሰበረ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው።

ያ እሑድ ግን የእሱ ቀን ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ሁለቱን የላይኛ የፊት ጥርሶቹን ሰኞ ጠዋት ሊነቅል ቀጥሮታል። «ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ትነፋለህ ብዬ አልዋሽህም» ብሎታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አራታችን በአንድ ባንድ ሮክ ኤንድ ሮል ስንጫወት የእሱን ሳክስፎን አንድም ቀን ቀርጸነው አናውቅም። ስለዚህ ከጎማ ጥገናው በላይ ባለችው የመለማመጃ ክፍላችን ተሰብስበን አራት ዘፈን ልንቀርጽ፣ እሱም በአራቱም ሊነፋ ተስማማን። ድዱ ስላበጠ ብዙ መንፋት እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን።

ገና ሳንጀምር ከበሮ መቺው የእጁን አንጓ ያሻሽ ጀመር።

«ሁለገብ፣ እጄን አሞኛል። ይቺን አንዷን ብቻ ምታልኝ።»

መታለት። ሁለተኛዋንም መታለት። በሦስተኛው ዘፈን ዘፋኙ ድምፁ ተዘጋና ወንድሜ ከበሮውን እየመታ ዘፈነለት። መቅረጫውም ቢሆን የእሱ ሥራ ነው፤ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ከበሮው ይሮጣል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ሮጦ ያጠፋዋል። ከዚያ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ጭስ ጭስ ማለት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ተው እንጂ» አልኩት። «ዛሬ ለማን ብለን ነው የመጣነው?»

«ይቺን ብቻ ልጨርስላቸው» አለኝ፣ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ። ነገ በሚነቀለው ጥርስ።

 ወደ ሁለቱ ዞሬ «ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች ይባላል፤ እናንተ ግን ልጆቹ አይደላችሁም» አልኳቸው።

«እሱ ራሱ መች እምቢ አለ?» አለ ከበሮ መቺው።

መልስ እየሰጠሁት ሳለ የምቃኘው የጊታሬ ክር ተበጠሰ። እኔም ንግግሬን ሳላቋርጥ፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ፣ ጊታሩን ለወንድሜ አቀበልኩት። ተቀብሎ ክሩን ቀየረልኝ፣ ቃኝቶም መለሰልኝ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከበሮ መቺው ሲስቅብኝ ነው።

አሥር ሰዓት ሲሆን የቀረችን አንድ ዘፈን ብቻ ነበረች። ከበሮ መቺውን አንገቱን ይዤ ቦታው አስቀመጥኩት፤ ዘፋኙንም ባለችህ ድምፅ ዝፈን አልኩት። ሁለገብ በመጨረሻ ሳክስፎኑን አነሳ።

ወንድሜን እንደዚያ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም። ከታች ጎማ የሚጠግኑት ሰዎች መዶሻቸውን አቆሙ። ሲጨርስ ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል፤ ከሕመም ይሁን ከደስታ አላወቅኩም። አፉን በመሐረብ ጠረገ፣ መሐረቡ ቀላ።

«እስቲ መልሱትና እንስማው» አለ።

ከበሮ መቺው ዘፋኙን አየው፣ ዘፋኙ እኔን አየኝ። መቅረጫው ክርኔ ሥር ነው፤ መብራቱ አልበራም።

«ማን ነው የተጫነው?» አለ ወንድሜ።

ማንም አልተጫነውም። የሚጫነው እሱ ነዋ።

«ግድ የለም፣ ልድገመው» አለ። አሁን ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ቁልፉ ላይ ተረባረብን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሳክስፎኑን ወደ አፉ አስጠጋና ነፋ፤ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደው።

የወንድሜ ሳክስፎን ተቀርጾ የቀረው ይኸው ነው፦ ሁለት ትንፋሽ፣ አንድ ሲጥ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ» ሲል። ይቅርታ መጠየቁን እንኳ ለእኛ አልተወልንም።