ከደረቀው የቆረጥኩት

...እና ደግሞ ይስቃል፣ ዓይን አውጣ፣ ሥራ አስኪያጅ ተብዬው የላብራቶሪዬን በር ተደግፎ ይስቅብኛል፣ ለአንዲት ዓይን ብለን ይህን ሁሉ ማስካራ ልናስቀር ነው? ለአንዲት ዓይን ይላል እንዴ፣ የእህቴ ዓይን እኮ ነው፣ የታናሽ እህቴ፣ እታች ማሸጊያ ክፍል ቆማ ማስካራ ስትከድን የምትውለው፣ ከአዲሱ ምርት ለሠራተኛው አንድ አንድ ሲታደል ደስ ብሏት ተኳለች፣ በሦስተኛው ቀን የዓይኗ ቆብ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

ፈርሚ እንጂ ይላል፣ የሚጭነው መኪና ቆሟል። ይቁም! የምርት መልቀቂያ ቅጹ ፊቴ ነው፣ ከጎኑ፣ ከበርሜሉ ቀድቼ ዳግም ስለካ የመመርመሪያ ማሽኑ አሁን ያወጣው ወረቀት፣ መስመሩ ሽቅብ ተተኩሷል፣ ከሚፈቀደው ስንት እጥፍ እንደሆነ ሁለቴ አስልቼ ሁለቴም ያው ነው።

እሱ ምን ያውቃል፣ አክሪሌት የሚለውን ቃል እንኳ አስተካክሎ አይጠራም፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ፣ ሽፋሽፍት ላይ ሲደርቅ ስስ ልባስ የሚሆን፣ እንባ የማያጥበው ላብ የማያወርደው፣ ማስካራን ማስካራ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ቅንጣቶቹ የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ስለሆነ ከቆዳ አያልፍም፣ በደንብ የተሠራው ማንንም አይነካም፣ ለገዢ ሁሉ ይህን ስናገር ኖሬያለሁ፣ ውሸት የለበትም። ጠንቀኛዋ ከሰንሰለቱ ሳትገባ የቀረችው ፍንጣሪ ናት፣ ሞኖመሯ፣ ቆዳ የምታስቆጣው እሷ ናት፣ እሷን ለክቶ ማስቀረት የማን ሥራ ነው?

የእኔ። ለካሁ እኮ። "ከተፈቀደው መጠን በታች ሆኖ ተገኝቷል" ብዬ በሚያምር ጽሕፈቴ ጽፌ ፈረምኩ።

ከምኑ ለካሁ? ልባሱ ሲሳብ ይበጠስ አይበጠስ እንደሆነ ልናይ መስታወት ላይ አፍስሰን በምድጃ ካደረቅነው፣ ከትርፍራፊው ቆርጬ፣ አዲሱን በርሜል መክፈት ታክቶኝ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ፣ ምን ለውጥ አለው ያው አንድ ነው ብዬ። አንድ ነው! ሞኖመር በሙቀት ተንኖ የሚሄድ ነገር መሆኑን ለተለማማጅ የማስተምረው እኔ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ልብስ ዳስሶ ውሃ አልነካውም ብሎ እንደ መማል፣ አንቺ ደደብ፣ አንቺ ባለዲፕሎማ።

አንቺው ነሽ ንጹህ ነው ያልሽው፣ ይላል አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳቁ የለም፣ ነገሩ ከወጣ መጀመሪያ የምትባረሪው አንቺ ነሽ፣ አስቢበት እህቴ። እህቴ ይለኛል! እህቴማ እታች ናት፣ ትናንት ምን አልኳት፣ ባልታጠበ እጅ ዓይንሽን አሽተሽ ነው፣ የእኛ ምርት ተመርምሯል፣ ገና ለገና የፋብሪካውን ስም አታጥፊ፣ ብዬ ጮህኩባት፣ እሺ እትዬ፣ አንቺ ካልሽ ልክ ነው አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ምነው መልሳ በሰደበችኝ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ከፈለጉ እርስዎ ይፈርሙበት፣ አልኩት፣ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፣ እሱ መች ይነካዋል።

ቅጹ ላይ አይለቀቅም ብዬ እጽፋለሁ፣ ከሥሩ ናሙናው ከደረቀ ልባስ የተወሰደ ስለነበር የቀድሞው ውጤት ትክክል አይደለም፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው፣ ከዚያ ደረጃውን እወርዳለሁ፣ ከኋላዬ ስሜን ይጠራል፣ ይጥራ፣ ማሸጊያው አሁንም ያንኑ ማስካራ እየከደነ ነው፣ የማሽኑን ማቆሚያ ቀዩን ቁልፍ በመዳፌ እመታዋለሁ፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ ከእሷ በቀር፣ እሷ ገና አንገቷን ቀና አድርጋ ባበጠው ዓይኗ ጠባብ ክፍተት ትፈልጋለች፣ ማነው ያቆመው? ትላለች።

እኔ ነኝ።

እትዬ? ጓንቷን እያወለቀች ትመጣለች፣ ክንዴን ትይዛለች፣ ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ፣ ምን ሆንሽብኝ፣ ትለኛለች፣ እኔን፣ በዚያ ዓይኗ፣ እኔን ምን ሆንሽ