በኤልያስ ቀን የተከፈተ ክምር

ነፋሱ ላስቲኩን ከፍጉ ክምር ላይ ገነጠለው። ራዶይካ በበዓል ቀሚሷ ሮጣ ጫፉን ልትይዝ ስትል አመለጣትና አጥሩ ላይ ተጠምጥሞ ይራገብ ጀመር። ቀና ስትል ከቫልዬቮ ከተማ በላይ ያለው ኮረብታ ጠቁሯል።

"አንቺ! እጅሽን ከዚያ አንሺ!" አማቷ ስታና ከመስኮት ጮኸች። "ዛሬ ኤልያስ ነው!"

"ኤልያስ መሆኑንማ አየሁ እማማ። ይኸው እየመጣ ነው!" አለች ራዶይካ ደመናውን እያሳየች።

ጥፋቱ የራሷ ነበር። የአሳማ ፍግ ከገለባ ጋር እየተነባበረ በሳንቃ በታጠረ ሣጥን ውስጥ ይከመራል። ውስጡ ይግላል፣ ይበስላል። ከዚያ የፊቱ ሳንቃዎች ተነቅለው ክምሩ በመንሽ ወደሚቀጥለው ሣጥን ይገለበጣል፤ የውስጡ ወደ ውጭ፣ የውጩ ወደ ውስጥ። ራዶይካ ይህን ሥራ የጀመረችው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ገና እኩሌታውን ሳትገለብጥ የዋዜማው ደወል ተደወለ። ስታና መጥታ መንሹን ከእጇ ተቀበለቻት። በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ የተጻፈ ቀን ሊገባ ነው፣ በቀይ ቀን ደግሞ እዚህ አገር ማንም መሣሪያ አያነሳም። ራዶይካም ደክሟት ስለነበር ሳንቃዎቹን እንኳ ወደ ቦታቸው ሳትመልስ እሺ ብላ ገባች።

አሁን ክምሩ አፉን ከፍቶ ቁልቁል ያያል። ከጋጣው ከወጣ ገና ሳምንት ያልሞላው እርጥብ ፍግ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከሥሩ ቁልቁለት ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ የጎረቤቷ የቪዶሳቭ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የቪዶሳቭ የውሃ ጉድጓድ አለ። የጉድጓዱ አፍ የታነጸበት ድንጋይ በላይኛው ጎኑ መሰንጠቁን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቪዶሳቭ በየዓመቱ ሊደፍነው ያስባል፤ በየዓመቱም አይደፍነውም።

ዛሬ ደግሞ የቪዶሳቭ ቤት ስላቫ ነው፣ ኤልያስ የቤቱ ጠባቂ ቅዱስ ነውና። ድንኳን ተተክሏል፣ አሳማ በእንጨት ተሰክቶ ፍም ላይ ይዞራል፣ አኮርዲዮኑ ያላዝናል። ለስላቫ ማንም አይጠራም፤ የፈለገ ይመጣል፣ የመጣም ከደጅ አይመለስም። ራዶይካና ስታና ግን ዘንድሮ ላለመሄድ ተማምለዋል።

አምና በዚሁ ቀን ነፋሱ የክምሩን ሽታ ይዞ ድንኳኑ ድረስ ወርዶ ነበር። ቪዶሳቭ ከነብርጭቆው አጥሩ ላይ ቆመና እንግዶቹ ሁሉ እየሰሙ ጮኸ፦ "ጎረቤት ስልሽ ኖሬአለሁ፣ ከእንግዲህ አልልሽም! አንዲት ጠብታ ጉድጓዴ ከገባች ተቆጣጣሪ አምጥቼ ጋጣሽን ባላሳሽገው ቪዶሳቭ አይደለሁም!"

ራዶይካም ምላሷ አጭር አይደለም። "ሥጋው ሲጠበስ ሽታው ዕጣን ነው፣ ፍጉ ሲሸት ግን የራዶይካ ኃጢአት ነው፣ አይደል?" አለችው። እንግዶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

ዛቻውን እንደ ቀልድ አልያዘችውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆሙት እነዚያ አሳማዎች ናቸው። ጋጣው ከታሸገ ቤቱን ዘግቶ፣ አሮጊቷን ይዞ ከተማ ለከተማ የሰው ደረጃ ከመጥረግ በቀር የሚቀራት የለም።

ሮጣ ገብታ ቀሚሷን እንደለበሰች ቦቲዋን አጠለቀች። ስታና በሩ ላይ ቆመችባት።

"የት ነው?"

"ሳንቃውን ልመልስ። ገለባም ከፊቱ ልደርድር። ዝናቡ ከቀደመኝ ፍጉ እንዳለ ቪዶሳቭ ጉድጓድ ውስጥ ነው።"

"ባሌ ነዶ ያሰረው በዚህ ቀን ነበር። 'አንድ ጊዜ ብቻ' ነው ያለኝ። አንድ ጊዜ! መብረቁ ጎተራውን ከነፈረሱ በላው። ጠረኑ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።"

"አውቃለሁ እማማ።"

"አታውቂም! አልነበርሽም።"

ራዶይካም ብትሆን አልፈራችም ማለት ውሸት ነው። እዚህ ተራራ ላይ ያደገ ሰው ኤልያስ በሠረገላው ሰማዩን ሲያንጎደጉድ መንሽ አንስቶ ሜዳ ላይ መቆም ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን ከታች የልጆች ሳቅ ይሰማል፣ ከዚያ ጉድጓድ የሚጠጡ ልጆች።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ልየው?"

ስታና ደመናውን አየች። ከዚያ ከበሩ ገለል አለች። "እኔ አላየሁም። መስኮቴን እዘጋለሁ" አለች። "ከላይ ያለው ግን የሚዘጋ መስኮት የለውም።"

ራዶይካ አማተበችና መንሹን አነሳች።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወድቁ ሁለት ሳንቃ መልሳለች። ሦስተኛው እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ስለነበር አልገባ አለ። በመንሹ እጀታ ደበደበችው፣ በትከሻዋ ገፋችው፣ ሰደበችው፣ ወዲያው ደግሞ በዓሉ ትዝ ብሏት ይቅር በለኝ አለች። ነጎድጓዱ ከራሷ በላይ ፈነዳ። ሳታስበው መሬት ላይ ተንበረከከች፤ ስትነሳ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር።

ቡናማው ውሃ በሳንቃዎቹ መሃል መውጣት ጀመረ። ገለባውን በክንዷ እያቀፈች ከፊቱ ጎሰጎሰች። ገለባው ጠጣ፣ ጠጣና ጠገበ። ይሄኔ መንሹን ጥላ ዶማ አነሳች። ከክምሩ ሥር ወደ ራሷ ፕለም ዛፎች በአግድም ቦይ ቆፈረች፤ ጭቃው ቦቲዋን ይስባል፣ ዝናቡ ዓይኗን ይዘጋታል፣ ሰማዩ በተሰነጠቀ ቁጥር አንገቷን ትቀብራለች። "ና! ወደዚህ ና!" ትለዋለች ውሃውን፣ ከብት እንደምትነዳ። በመጨረሻ ውሃው እሺ አላት። ቦዩን ይዞ ወደ ዛፎቹ ታጠፈ።

ዝናቡ አመጣጡ እንደ ፈጠነ አካሄዱም ፈጠነ። ራዶይካ ዶማውን ተደግፋ ትንፋሿን ስትሰበስብ መብረቁ እንዳልነካት ገና አሁን ገባት። ሳቅ አፈናት። ክምሩ ቆሟል፣ ሳንቃው ይዟል፣ ቦዩም ይፈሳል።

ቁልቁል ስታይ ግን ሳቋ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት የመጀመሪያው ውሃ ሾልኳል። በሣሩ ላይ ቡናማ መስመር አበጅቶ፣ በአጥሩ ሥር አልፎ እስከ ጉድጓዱ ድንጋይ ይደርሳል። ከድንጋዩ ወዲያ የለም። በተሰነጠቀው በኩል ገብቷል።

አካባቢውን ቃኘች። ዝናቡ እንግዶቹን ሁሉ ወደ ቤት አስገብቷቸዋል። ማንም አልነበረም።

ስታና ከኋላዋ መጥታ ቆመች። እሷም አየችው።

"ከዝናብ በኋላ ጉድጓድ ሁሉ ይደፈርሳል" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ትንሽ ነው። ማንም አላየ። ማታ ዝናብ ይደግምና መስመሩን ያጥበዋል።"

እውነቱን ለመናገር ይኸው ሐሳብ ከአማቷ በፊት ወደ ራዶይካ መጥቷል፣ ጣፋጭም ነበር። ገብታ ትታጠባለች፣ ደረቅ ልብስ ትለብሳለች፣ አሳማዎቿም አሳማዎቿ ሆነው ይቀራሉ።

ታች በሩ ተከፈተ። የቪዶሳቭ ሚስት ሊዩቢንካ ሽርጧን እየጠራረገች ወጣች፤ ሁለት ባልዲ ቀድታ ገባች። በመንገዱ ላይም ከከተማ የመጡ አዲስ እንግዶች መኪናቸውን እያቆሙ ነበር። ራዶይካ ሥርዓቱን ታውቃለች። ኤልያስ በሕይወት ሳለ ያረገ ነውና እንደ ሞቱት ቅዱሳን የመታሰቢያ ስንዴ አይቀቀልለትም፤ እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ የሚቀበለው አንድ ማንኪያ የቼሪ ማርማላታና አንድ ብርጭቆ አሁን የተቀዳ ውሃ ነው። ያንን ውሃ አለመጠጣት ቤቱን መናቅ ነው።

ዶማውን ጣለችና ቁልቁል ሮጠች።

"ራዶይካ! ጋጣውን ያሽገዋል!" አለች ስታና ከኋላዋ። "ራዶይካ!"

ቪዶሳቭን ለብቻው ጠርታ በጆሮው ልትነግረው ነበር ያሰበችው። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሟል፤ በስላቫው ቀን አባወራ አይቀመጥም። ሊዩቢንካ ትሪውን ይዛ ከጎኑ ናት። ከከተማ የመጣው ሰውዬ ማርማላታውን ቀምሶ ማንኪያውን መልሷል፣ እጁም ወደ ብርጭቆው ሄዷል። ራዶይካን ሲያዩ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ከራስ ጠጉሯ እስከ ቦቲዋ ፍግ ነበረች። አንዲት ሴት መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

"እንኳን አደረሳችሁ" አለች ራዶይካ እያለከለከች።

ቪዶሳቭ ጉሮሮውን ጠረገ። ዛሬ ሊያባርራት አይችልም። "እንኳን አብሮ አደረሰን" አለ ሳይወድ። "ግቢ። ሊዩቢንካ፣ አቅርቢላት።"

ሰውዬው ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አነሳ።

ራዶይካ እጁን ያዘችው። ብርጭቆውን ቀስ ብላ ከጣቶቹ አላቀቀችና ውሃውን ደጃፉ ላይ ደፋችው።

"ምን ነካት ይቺ ሴት!" አለች ሊዩቢንካ። "በስላቫችን ቀን!"

"አትጠጡ" አለች ራዶይካ። "ማንም ከዚህ ውሃ እንዳይጠጣ። ከዝናቡ ወዲህ የጠጣ አለ?"

"የለም፣ አሁን ነው የቀዳሁት" አለች ሊዩቢንካ ፊቷ አመድ መስሎ።

"ክምሬን ትናንት ከፍቼ ትቼው አደርኩ። ዝናቡ ቀደመኝ። ጉድጓድህ ገብቷል፣ ቪዶሳቭ።"

አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰው መሣሪያውን እንደዘረጋ ቀረ።

"ስንት ገባ?" አለ ቪዶሳቭ።

"አላውቅም። ብቻ ገብቷል።"

ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። አፉን ከፍቶ እንግዶቹን አየ፣ የፈሰሰውን ውሃ አየ፣ ቦቲዋን አየ። "ዛሬ እንግዳዬ ነሽ" አለ ጥርሱን ነክሶ። "ዛሬ ክፉ ቃል አልናገርሽም። ነገ ግን የተናገርኩትን አደርጋለሁ።"

"ነገ የትም አልሄድም፣ ታገኘኛለህ" አለች። "የኔ ጉድጓድ ከክምሩ በላይ ነው፣ ንጹሕ ነው። ለእንግዶችህ ከዚያ አመላልሳለሁ።"

መልስ አልጠበቀችም። በሩ ሥር የነበሩትን ሁለት ባልዲዎች ሣሩ ላይ ደፋችና ባዶዎቹን ይዛ ዳገቱን ጀመረች። ስለ አሳማዎቿ ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን ስለ እነሱ እያሰበች እንባዋ ይወርድ ነበር።

ክምሩን አልፋ ወደ ግቢዋ ስትታጠፍ የጉድጓዱ መዘውር ሲንቋረር ሰማች። ስታና ውሃው ሲደፋ ከላይ አይታ የበዓል ሽርጧን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቅላዋለች። እጅጌዋን ጠቅልላ፣ በቀጫጭን ክንዶቿ መዘውሩን ታዞራለች። ሰማዩ ከሩቅ አንድ ጊዜ አጉረመረመ። አሮጊቷ ቀና ብላ አላየችም።

"ምን ታፈጥጫለሽ?" አለቻት። "ባልዲውን አቅርቢ። እንግዳ ጠምቶታል።"