ሦስተኛው ጥያቄ

የቶስትሩድ ቤተሰብ በሚኖርበት፣ በአሜሪካ በሰሜን ሚኒሶታ፣ የሰጡትን ወዲያው መቀበል ነውር ነው። ኬክ ልቁረስልህ ሲሉህ «አይ፣ አትቸገሩ» ትላለህ። ሲደግሙህ «ግድ የለም፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ሦስተኛ ሲጠይቁህ «እንግዲህ ከተቆረሰ፣ ትንሽ» ብለህ ሳህኑን ጥርግ አድርገህ ትበላለህ። ሦስተኛው ጥያቄ ካልመጣ ጋባዡ ከልቡ አልነበረም ማለት ነው፤ ሆድህን ይዘህ ወደ ቤትህ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ጎረቤታቸው ኤልመር ስኩግ መኪናው ቦይ ውስጥ ገብታበት፣ ልጎትትህ ያለውን መንገደኛ ሁለት ጊዜ «አትቸገር» አለው። መንገደኛው የሌላ አገር ሰው ኖሮ «እሺ» ብሎት ሄደ። ኤልመር በብርድ ጣቶቹን ሊያጣ ምንም አልቀረው። መንደሩ ግን የፈረደው በመንገደኛው ላይ ነው።

ሶልቬግ ቶስትሩድ እዚህ ቤት ያደገች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቁመቷ ከአባቷ ከአርቪድ በልጧል። ቅርጫት ኳስ ከሩቅ ስትወረውር ተመልካቹ ኳሱ ሳይገባ ነጥቡን ይቆጥርላታል። ሜዳ ላይ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም፤ ከሰው እጅ ኳስ ትነጥቃለች። ቤት ስትገባ ግን የአባቷ ልጅ ናት።

የፈለጓት ኮሌጆች ብዙ ነበሩ። እሷ የፈለገችው ግን አንዱን ነው፤ በደቡብ በኩል ያለውን፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን የሚታየውን፣ አዳራሹ አሥራ አምስት ሺህ ሰው የሚይዘውን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ። እዚያ መጫወትን ከምንም በላይ ትመኛለች። ለማንም አልተናገረችም፤ እዚህ ቤት «እፈልጋለሁ» የሚል ሰው እንደ ስግብግብ ነው የሚታየው።

በመስከረም የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ሬናታ ዲማርኮ ራሷ ቤታቸው ድረስ መጣች። አሠልጣኞች እንዲህ ናቸው፤ የሚፈልጓትን ልጅ ቤት ሄደው፣ ከቤተሰቧ ጋር ማዕድ ቀርበው ነው የሚጠይቁት። ሴትዮዋ የኒው ጀርሲ ሰው ናት፤ ድምፅዋ ትልቅ፣ ሳቋ ከድምፅዋ የሚብስ። እናትየው ካሪን ከተፈጨ ሥጋና ከድንች የሚጋገር ምግብ ሠርታ ነበር። ገና «ላውጣልሽ ወይ» ስትላት ዲማርኮ ሳህኗን ዘረጋች። አርቪድ ሚስቱን አየ። ዲማርኮ ጨርሳ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት በገዛ እጇ ጨመረች። ካሪን ደስ አላት፤ ደንገጥም አለች።

ሲበላ ሲጠጣ ቆይቶ አሠልጣኟ ወንበሯን ወደ ሶልቬግ አዞረች።

«እኔ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም» አለች። «በአንቺ ቦታ ለምትጫወት አንዲት ልጅ ብቻ ክፍት ቦታ ቀርቶኛል። ያቺን ልጅ አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ። ትመጫለሽ?»

ሶልቬግ በልቧ «እመጣለሁ» አለች። አፏ ግን ያደገበትን ተናገረ። «በጣም አመሰግናለሁ። ግን ከእኔ የተሻለች አያጡም።»

አርቪድ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። የልጁ ጨዋነት አኩርቶታል።

ዲማርኮ ግራ ገባት። ደግማ ጠየቀች፤ ከልብሽ ነው ወይስ የሚያሠጋሽ ነገር አለ ብላ። ሶልቬግ ምንም የሚያሠጋት እንደሌለ፣ ይህን ሁሉ መንገድ አስመጥታ እንዳስቸገረቻት ብቻ እንደሚሰማት ነገረቻት። ሁለት ሆነ። የቀረው አንድ ነው፤ ሶልቬግ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ቆልፋ ጠበቀች።

አሠልጣኟ ግን ወደ አባትየው ዞረች። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አርቪድ ጉሮሮውን ጠረገ። በሰው ፊት ልጁን የሚያወድስ አባት እዚያ አገር መሳቂያ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ። ከሩቅ ትወረውራለች። መከላከል ላይ ግን ቀርፈፍ ትላለች። ለእናንተ ሸክም እንዳትሆን።»

ሴትዮዋ እስክትወጣ ድረስ ሦስተኛው ጥያቄ አልመጣም። በሩ ላይ «እንግዲህ አስቢበት፤ ስልክሽን እጠብቃለሁ» ብላ ሶልቬግን አቅፋ ሄደች። ካሪን በወረቀት የጠቀለለችላትን ኬክ ያለ አንዳች ግብግብ ተቀበለች።

ቤተሰቡ ነገሩ መልካም እንደሄደ ተስማማ። ሦስተኛው በስልክ ይመጣል፤ ሩቅ አገር ያለ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው ተባለ። እናም ጠበቁ። ዲማርኮም በበኩሏ ጠበቀች።

ሳምንት አልፎ ሌላ ሲተካ ሶልቬግ ልደውል እንዴ አለች፤ እንደ ዘበት፣ ሳህን እያጠበች። አርቪድ አልወደደውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ አላት። ሰው ሳይጠሩት አቤት አይልም፤ ከፈለገችሽ ትደውላለች። ሶልቬግ ስልኩን አየችው፤ ሁለት እርምጃ ቢርቃት ነው። አልደወለችም። ጅል ነገር ነው፤ ግን እዚያ ቤት ያደገ ሰው ቢሆን ማን ይደውል ነበር?

ወሬውን ያመጣላት የትምህርት ቤቷ አሠልጣኝ አቶ ብሬምሴት ነው። ቦታውን የኦሃዮ ልጅ ወሰደችው። ልጅቷ ዲማርኮ ከመኪና ሳትወርድ በመስኮቱ «እመጣለሁ» ብላታለች አሉ። ብሬምሴት ለዲማርኮ ደውሎ ምን ሆነሽ ነው ቢላት፣ እሷም ያዘነች ትመስላለች። «ደግ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ግን አልፈለገችንም፤ አባትየው ሳይቀር እንዳልወስዳት ነገረኝ» አለችው።

ሶልቬግ ይህን ሰምታ ወደ ባዶው የመጫወቻ አዳራሽ ገባችና እጇ እስኪዝል ኳስ ወረወረች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቤት ስትነግራቸው ካሪን «ከዚህም የባሰ አለ» አለች። እዚያ አገር የመጨረሻው ማጽናኛ ይኸው ነው። አርቪድ ሴትዮዋ ከልቧ ብትፈልግ ኖሮ ትጠይቅ ነበር ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወጥቶ ምንም ያልሆነ ትራክተር ፈታ። በማግስቱ ገጠመው። በሦስተኛው ቀን መልሶ ሲፈታው ካሪን በመስኮት አየችው።

በጥቅምት መጨረሻ ማርጊት ፍላተን መጣች። የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ሐይቅ ዳር ያለ ትንሽ ኮሌጅ አሠልጣኝ ናት፤ አዳራሹ ስምንት መቶ ሰው ቢይዝ ነው፣ እሱም ከተጠጋጉ። ተወልዳ ያደገችው በጎረቤት ወረዳ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጪ ስትባል እንኳ መቆም እንደሚመቻት ሁለት ጊዜ ተናግራ ነው የተቀመጠችው። ምግቡን ሦስት ጊዜ ተለምና በላች። የመጨረሻዋን ቁራሽ ኬክ ደፍሮ የሚወስድ ጠፍቶ ለሁለት ከፈሏት፤ የቀረችውን እንደገና ለሁለት፤ ፍርፋሪ ስትሆን ተዋት። አርቪድ ከመስከረም ወዲህ ፊቱ የተፈታው ያን ቀን ነው።

ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ መንገዱ ብዙ ከተወራ በኋላ ማርጊት ጠረጴዛውን እያየች ጀመረች።

«መቼም አንቺ የተሻለ ነገር አታጪም። ምናልባት ግን፣ ድንገት ሌላ ካልተገኘ፣ እኛ ጋ ቦታ...»

«እሺ» አለች ሶልቬግ።

ካሪን አንገቷ ድረስ ቀላች። ማርጊት ገና ሁለት ጥያቄ አዘጋጅታ ነበርና የምታደርገው ጠፋት።

«አይ፣ አትቸኩይ እንጂ። እኛ ትንሽ ነን። ካላስቸገርንሽ...»

«እሺ አልኩ። እመጣለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ቤተሰብሽም...»

«እፈልጋለሁ» አለች ሶልቬግ።

ማርጊት ደንግጣም ተደስታም፣ በሩ ላይ ረጅም ስንብት ተሰናብታ ሄደች። ካሪን በሩን ስትዘጋ አላስቻላትም።

«ሴትዮዋ ነገሯን እንኳ ሳትጨርስ! ምን ትለናለች? እንደ ራበው ሰው።»

«ርቦኝ ነበር እማዬ። ያን ጊዜም ርቦኝ ነበር።»

ካሪን ሳህኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። አርቪድ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰም።

«ሦስተኛውን ስጠብቅ ነበር» አለ፣ ውጭውን እያየ።

«እኔም።»

«እዚያ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ ስትጫወቺ በቴሌቪዥን ማየት ፈልጌ ነበር። ማታ ማታ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ቀርፋፋ ናት ያልኩት ሰው ጉረኛ እንዳይለኝ ነው። ውሸት ነው። እኔ ካንቺ የተሻለ ተጫዋች አይቼ አላውቅም።»

በአሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ ይህን ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ደስታውና ንዴቱ አንድ ላይ መጡባት፤ ቃሉ በመስከረም ቢነገር ኖሮ የት ትደርስ ነበር? ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኧረ እኔ ምን ችሎታ አለኝ» ብላ አንገቷን ትደፋ ነበር።

«ድገመው» አለችው።

አርቪድ ወደ ጓዳው ዞር ብሎ አየ። የሳህኑ ድምፅ ቆሟል፤ ካሪን ታዳምጣለች። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።