አሥራ ሁለቱ ብልቃጦች

ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ባሕር ዳር የሚያውቀኝ ሁሉ ይነግራችኋል። «ሲስተር ሰገነት በመርፌ ከመውጋቷ በፊት በምላሷ ትወጋለች» ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ግን የዘጌዎቹን አሥራ ሁለት በሽተኞች የተቆጣሁትን ያህል በሕይወቴ ማንንም አልተቆጣሁም።

ነገሩ በ1972 ዓ.ም. ነው። አንዳርጋቸው የሚባል ረጋ ያለ፣ ባለ መነጽር ዶክተር ከአዲስ አበባ ስለ ቁርጥማት ሊያጠና መጣ። ቁርጥማት ስል ብርድ የመታውን ወገብ ማለቴ አይደለም፤ ጣትን አሳብጦ፣ አንጓን አጣሞ ሰውን ከሥራ የሚያስቀረውን ነው። «ዘበኛ ሌባ የያዘ መስሎት የገዛ ቤቱን ሰው ሲደበድብ ማለት ነው፤ ሰውነት ራሱን ይመታል» ብሎ አስረዳኝ። «ዶክተር፣ ስለ ዘበኛ ቀስ ብለው ያውሩ፤ ጊዜው ጥሩ አይደለም» አልሁት። ሳቀ።

ጥናቱ እንዲህ ነበር። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ቁጥር የተጻፈበት ብልቃጥ ይሰጠዋል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ክኒን ለስድስት ወር ይውጣል። ከብልቃጦቹ ግማሹ መድኃኒት ነው፣ ግማሹ ክኒን መሳይ ዱቄት። ማን ምን እንደ ደረሰው በሽተኛውም፣ እኔም፣ ዶክተሩም አናውቅም፤ ስም ዝርዝሩ አዲስ አበባ ተቆልፎበታል። ዶክተሩ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራቸው። ከገበሬ ማኅበሩ ፈቃድ አውጥተን፣ ዘጌ ላይ አሥራ ሁለት ሰው መዘገብን። አሥራ አንዱ በአውራ ጣት ፈረሙ፤ አንዱ ብቻ በብዕር።

እሳቸውም መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉ። ጣታቸው የመቃ ብዕሩን መያዝ ካቃተው ዓመት አልፎት፣ የጀመሩት ዳዊት መዝሙር ሠላሳ ላይ ቆሞ ነበር። ለመፈረም እንኳ ብዕሩን በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። «የኔታ፣ በጣትዎ ቢፈርሙ ምን ቸገረዎ?» ብላቸው፣ «ጸሐፊ ሆኜ? ምነው ልጄ!» አሉኝ።

እማሆይ ወለተ ኪዳን ደግሞ ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ አልወጣ ብሎ ማማተብ ካቆሙ ሁለት ዓመታቸው ነበር። በግራ አያማትቡ ነገር! «ሞት ቢመጣ ሳላማትብ ሊወስደኝ ነው» እያሉ ሲያለቅሱ አንጀቴን በሉት።

በየወሩ ሐይቁን በሞተር ጀልባ እየተሻገርሁ እለካቸዋለሁ። የደም ግፊት መለኪያውን ከረጢት ጠቅልዬ አስጨብጣቸዋለሁ፤ ሜርኩሪው ከፍ ባለ ቁጥር እጁ በርትቷል ማለት ነው። ጠዋት ጣታቸው ለምን ያህል ጊዜ ታስሮ እንደሚቆይ ስጠይቅ አንዱ «ወንጌል እስኪነበብ»፣ ሌላው «ቅዳሴ እስኪወጣ» ይለኛል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ወደ ደቂቃ እመልሰዋለሁ። የመሪጌታ ከስልሳ ተነሥቶ በሦስተኛው ወር መቶ አርባ ገባ። መቃውን በሦስት ጣት ይዘው አንድ መስመር ጻፉልኝ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። የእማሆይ ግን ከአርባ ፈቀቅ አላለም።

በአምስተኛው ወር ጉድ መጣ። የመሪጌታ ወደ ዘጠና ወረደ። የእማሆይ ስልሳ አምስት ሆነ፤ ጣታቸው ግንባራቸውን ነካ። የአሥራ ሁለቱም ቁጥር የተማከረ ይመስል ወደ መካከል ተሰበሰበ። ዶክተሩ መዝገቡን አገላብጦ፣ «ሲስተር፣ አለካክሽ ላይ ስህተት ይኖር ይሆን?» አለኝ። እኔን! ደሜ ፈላ። በማግስቱ ማርያም ነበረች፤ ለማንም ሳልናገር ተሻገርሁ።

ለካ በሽተኞቼ ሁሉ የአንድ ማኅበር ጽዋ ጠጪዎች ናቸው። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ዳቦው ተባርኮ ተቆርሷል። ከዳቦው አጠገብ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ ክኒን! ብልቃጦቹ ስድስት በቀኝ፣ ስድስት በግራ ተደርድረዋል። መሪጌታ የማኅበሩ አለቃ ናቸውና፣ ከቀኙም ከግራውም እኩል እየቆጠሩ ለእያንዳንዱ ያድላሉ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ብዬ ጮህሁ። ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ረሳሁት።

«እየተካፈልን ነዋ» አሉ መሪጌታ። «ቀመስናቸው። የስድስታችን መራራ ነው፤ የስድስቱ ጣዕም የለውም። መራራው መድኃኒቱ እንደሆነ እጃችን ነገረን። ታዲያ አንድ ጽዋ እየጠጣን፣ እኔ ድኜ እማሆይ ሲሰቃዩ ቆሜ ልይ? ባለፉት ሁለት ወራት ለሁሉም ጠዋት መራራው፣ ማታ ሌላው ሆኗል።»

«እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅ! ግማሽ መድኃኒት እኮ ማንንም አያድንም! የእርስዎ እጅ ተመልሶ እየታሰረ ነው፤ አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ።» እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። «አይቼም አልቅሼበታለሁ። እኔም ሰው ነኝ፣ ልጄ።»

ተመልሼ ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርሁት። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ «መልካቸውን አንድ አደረግነው፤ ጣዕማቸውን ማን አሰበው!» አለ። ውሳኔው አጭር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ የራሱን ብልቃጥ ብቻ ከዋጠ ጥናቱ እንደ አዲስ ስድስት ወር ይቀጥላል። ካልሆነ የዘጌው መድኃኒት ይቆማል። ብልቃጡ በየቁጥሩ ይሞላል፤ ለሁሉም የሚዳረስ መድኃኒት ግን የለም፤ ከውጭ ተቆጥሮ የመጣ ነው።

ይህንኑ ይዤ ተሻገርሁ። መሪጌታ ሰምተው፣ «እንግዲያው ይቁም» አሉ። ሌሎቹም እሺ አሉ። እጃቸው እያየሁት ሊሞት ነው ብዬ ተናድጄ አፌን ስከፍት፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን ቀደሙኝ። ከተቀመጡበት ተነሡ።

«የኔታ» አሉ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ከብልቃጥዎ አንዲት ክኒን ለእኔም ሆነ ለማንም እንዳይሰጡ በእመቤቴ ገዝቼዎታለሁ። መራራው የደረሳችሁም ሁሉ እንደዚሁ። ተገዝታችኋል።»

ግዝት መቀለጃ አይደለም። መሪጌታ ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ምነው እማሆይ፣ ምን በደልሁዎ? እኔን ይገዝቱኛል?»

«ዳዊቱን ሌላ ማን ይጨርሰዋል? እኔ በልቤ አማትባለሁ።»

መሪጌታ ከሰው ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሲወጡ ግን ብልቃጣቸውን ይዘው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ የእሳቸው እጅ በሁለት ወር መቶ ሃያ ደረሰ፤ ዳዊቱም አርባን አለፈ። የእማሆይ ስልሳ፣ ቀጥሎ ሃምሳ፣ ቀጥሎ አርባ ሆነ። ከረጢቱን ባቅማቸው ጨብጠው፣ «ስንት አለ?» ብለው ቀና ይላሉ። «ደህና ነው፣ እማሆይ» እላለሁ።

በዚሁ መካከል አለበል የሚባለው በሽተኛ ወንድሙ ዘንድ ሊኖር ወደ ቁንዝላ ሄደ። ዶክተሩ የተረፈውን የሦስት ወር ክኒን አምጪና አዲስ አበባ እንመልሰዋለን አለኝ። ትቶት የሄደውን ብልቃጥ ከዘጌ ተቀብዬ ስመለስ፣ ጀልባው ላይ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ክዳኑን ከፈትሁ። አንዷን ክኒን ምላሴ ላይ አደረግሁ።

መራራ ነበረች።

ባለ ጀልባውን «አዙር!» አልሁት።

«ምን ረሳሽ?»

«አዙር ብያለሁ እኮ!»

እማሆይን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ብልቃጣቸውን ተቀብዬ፣ የነበረውን አውጥቼ የአለበልን ክኒን ገለበጥሁበት። «አሁኑኑ አንዷን ዋጥ ያድርጉ» ብዬ በጣሳ ውኃ ሰጠኋቸው። አፋቸው ውስጥ እንዳስገቡ ፊታቸው ተጨማደደ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ይኼ መራራ ነው። ግዝቴስ?»

«እርስዎ የገዘቱት ማኅበርተኛውን ነው፤ እኔ ጽዋችሁን ጠጥቼ አላውቅም። ዝም ብለው ይዋጡት!»

ዋጡት።

የዚያን ዕለት መዝገቡ ላይ፣ «የአለበል ብልቃጥ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ።