የአይብ ቤቱ ጉባኤ

ስድስተኛው የዶሮ ሾርባ በር ላይ ሲደርስ ኒቬስ ማስቀመጫ አጣችለት። ጠረጴዛው ሞልቷል፣ የመስኮቱ ደፍ ሞልቷል፤ አንደኛው ድስት ደግሞ ዛሬ ጠዋት ቀብራው የመጣችው የባሏ የኢላሪዮ ወንበር ላይ ተጎልቷል።

«ሾርባ ነው?» አለች ዴልፊና፣ የሟች ታላቅ እህት፣ ከተቀመጠችበት ጥግ።

«ሾርባ ነው» አለች ጎረቤቷ ሮዛልባ ድስቱን እንዳቀፈች። «በምን አወቅሽ?»

በሮካሴልቫ ሰው የሞተበት ቤት ስምንት ቀን እሳት አይነድበትም። የሚያበላው ጎረቤት ነው። ታዲያ አንዷ ሌላዋን «ምን ልትሠሪ ነው?» ብላ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሐዘንን መመዘን ይመስላል። ስለዚህ ሁሉም ልቡ ያዘዘውን ይሠራል፤ የሁሉም ልብ ደግሞ ሾርባ ያዝዛል። አምና የቄሱ እናት ሲሞቱ ቄሱ ሳምንቱን ሙሉ ሾርባ ሲጠጡ ከርመው፣ የእሑዱ ስብከት ሳይቀር ቀጥኖ ነበር።

ዴልፊና በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች። ለዘንድሮው ጉባኤ የተጠሩ የአሥራ ሁለት እንግዶች ስልክ ቁጥር ነው፤ በኢላሪዮ ጎርባጣ ጽሕፈት።

«ዛሬውኑ ደውዪላቸው» አለች ለኒቬስ። «ነገ ከየቤታቸው ይነሣሉ። ቅዳሜ እዚህ መጥተው ጥቁር ልብሳችንን ሊያዩ ነው?»

ኒቬስ ወረቀቱን ተቀበለች እንጂ አልደወለችም። ጉባኤው ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ጊዜ አልታጎለም። አንዴ «አትምጡ» ካለች፣ የዛሬ ዓመት «ኑ» የምትልበትን ድፍረት ከየት ታመጣዋለች? ልጅ አልወለዱም። ከእሱ የቀራት ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በበረዶ ነበር። ያን ዓመት በመጋቢት አውቶቡሱ መንደራችን መግቢያ ላይ በረዶ ውጦት ቀረና ተሳፋሪውን በየቤታችን ተከፋፈልነው። ለኢላሪዮ ሁለት ደረሱት፤ ከሰማይ የሚወርድ አቧራ የሚመረምር ሉዶቪኮ የሚባል ከሲታ ወጣትና ጁዲታ የምትባል ቫዮሊን ተጫዋች። አይተዋወቁም። ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው ጊዜ እሳት ወዳለበት ወደ አይብ ቤቱ አስገባቸውና ሥራውን ቀጠለ። የረጋውን ወተት የሚቆራርጥበት ሽቦዎች የተወጠሩበት መሣሪያ ነበረው። ጁዲታ አንዱን ሽቦ በጥፍሯ ነካችው፤ ጮኸ። አጠር ያለውን ነካችው፤ ቀጠን ብሎ ጮኸ። ሉዶቪኮ አጭሩ ለምን እንደሚቀጥን ማስረዳት ጀመረ። እሷም «በወረቀት ላይ ነው እንጂ በእጅ እንዲያ አይደለም» አለችው። ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ፤ በረዶው ቀድሟቸው ቀለጠ።

ኢላሪዮ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም። እንግዶቹ የሄዱ ዕለት «ግማሹ አልገባኝም» አላት ኒቬስን። «ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ አይቡ ራሱ ደህና አድርጎ የረጋ መሰለኝ።» ከዚያ ደብዳቤ ጻፈላቸው፦ በሰኔ ኑ፤ ጓደኛ ይዛችሁ ኑ፤ አልጋ አለ፣ አይብ አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ሠዓሊው ከሒሳብ ሊቁ፣ ገጣሚው ከድንጋይ መርማሪው ጎን እየተቀመጠ፣ ሁሉም በተራው ሥራውን በአይብ ቤቱ ይናገራል፤ እኛም በሩ ላይ ተደርድረን እንሰማለን።

መጀመሪያ ላይ አልገባንም፤ ምን ይደበቃል። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ተመራማሪ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን አደባባዩ ላይ ሲተክል፣ መንደሩ ከመንግሥት የተላከ የመሬት ቀያሽ ነው ብሎ ተሸበረ። ሳያስፈቅድ የሠራ ሁሉ ማፍረስ ያዘ። ሮዛልባ የዶሮ ቤቷን በገዛ እጇ ናደችው፤ ዶሮዎቿም ያን ክረምት መኝታ ቤቷ ከረሙ። ሰውየው ለካ የሚለካው ተራራውን ኖሯል፤ በዓመት የጥፍር ውፍረት ያህል ፈቀቅ ይላል። ዛሬ ይህን እንደ ሮዛልባ የሚያስረዳ የለም። የታችኛው መንደር ሰው ካገኘች «የኛ ተራራ ይሄዳል፤ የናንተስ?» ነው ሰላምታዋ።

«አንቺ ካልደወልሽ እኔ እደውላለሁ» አለች ዴልፊና። «የታችኛው መንደር ሰው ምን ይለናል? የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ቫዮሊን አስመቱ ይላል።»

«የታችኛው መንደርማ ተራራው መሄዱንም አላመነ» አለች ሮዛልባ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! እሳት በማይነድበት ቤት አሥራ ሁለት ሰው ምን ይበላል?»

ሮዛልባ ድስቶቹን ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። «እሳት ይንደድ ያለ ማን አለ? ሐዘን ቤት የመጣውን የሚያበላው ጎረቤት ነው። እነሱስ ለቀስተኛ አይደሉም እንዴ?»

«በሾርባ?»

ሮዛልባ ይህን ጊዜ ድስቷን እንዳቀፈች ዞር አለችና በሩ ላይ ቆማ፣ በሮካሴልቫ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ወደ መንገዱ ማዶ ጮኸች።

«ፊሎሜና! ቅዳሜ ለኒቬስ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

የፊሎሜና መስኮት ተከፈተ።

«አንቺ ነውረኛ! እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል! የኢላሪዮ እንግዶች እየመጡ ነው። ምን ትሠሪያለሽ?»

ፊሎሜና መስኮቱን ልትዘጋ እጇን ሰነዘረች። አልዘጋችውም።

«ምስር» አለች ቀስ ብላ፣ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው። ከዚያ ጮክ አለች። «ምስር! በቋሊማ!»

«እኔ ጠቦት!» የሚል ከላይኛው በረንዳ ተሰማ።

«ድንች ለኔ ተዉልኝ!»

ዴልፊና አማተበች። ኒቬስ ወረቀቱን እንደያዘች ፊቷ መጥታ ቆመች።

«እትዬ ዴልፊና፣ ታላቄ ነሽ። አይሆንም ካልሽ እደውላለሁ።»

ዴልፊና በተከፈተው በር በኩል ማዶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሐዘን ማስታወቂያ አየች። ትናንት ማተሚያ ቤት ሲላክ «የሳይንስና የጥበብ ጉባኤ መሥራች» ይባል ብላ የተጣላችው እሷ ናት። ኒቬስ ደግሞ «እሱ ለሊቃውንቱ ራሱን ሲያስተዋውቅ አይብ ሠሪ ነኝ ነበር የሚለው» ብላ እንቢ አለች። የተጻፈውም «ኢላሪዮ፣ አይብ ሠሪ» ነው።

«አይብ ሠሪ» አለች ዴልፊና ለራሷ። «ሆሆ! አይብ ሠሪ ሆኖ ስንቱን ሊቅ አስቀመጠው እናንተ!» ወረቀቱን ከኒቬስ እጅ ወስዳ አጠፈችና ጡቷ ሥር ከተተችው። «ሾርባ የያዘች ሴት ግን ይህን ደፍ አትረግጠውም።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አሥራ ሁለቱም መጡ። መርዶውን ሰምተው፣ ከድሮ ጉባኤተኞች ያልተጠሩ ሌሎች ዘጠኝ መጡ። የታችኛው መንደር ሰዎች ሳይቀሩ «እግረ መንገዳችንን» ብለው መጡ፤ መንገዱ የሚያልቀው እኛ ጋ መሆኑን ማንም አላነሣባቸውም። ጁዲታ ቫዮሊኗን በሳጥኑ እንደያዘች ዴልፊናን በዓይኗ ብታስፈቅዳት፣ «ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል? አውጪው» ተባለች። ምስሩ ተበላ፣ ጠቦቱ ተበላ፤ ኒቬስ በየሳህኑ እየጨመረች «ይህ የፊሎሜና ነው፣ ይህ የሮዛልባ ነው» ስትል አንገቷ ቀና ያለ ነበር።

ከምሳ በኋላ በአይብ ቤቱ ሉዶቪኮ ሊናገር ተነሣ። ያ ከሲታ ወጣት ዛሬ ጸጉሩ ሸብቷል።

ኢላሪዮ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ጆሮው ከብዶት ነበር። ጉባኤተኛው ሁሉ ለእሱ ሲል እየጮኸ መናገር ለምዷል። ሉዶቪኮም እንደ ልማዱ ጮኸ፦

«ዘንድሮ ከመንደራችሁ ጣሪያዎች ላይ የጠረግነው አቧራ...!»

ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ራሱን ሰማና ደነገጠ። ፊቱ ቀላ። ጉሮሮውን ጠረገና በሹክሹክታ ያህል ቀጠለ።

ኒቬስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በማዶ መንገድ መርፌ ቢወድቅ የምትሰማ ሴት ናት። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች፤ መዳፏን ከጆሮዋ ጀርባ ጎድጎድ አድርጋ ያዘችና አንገቷን ወደ ሉዶቪኮ አሰገገች።

«ጮክ በል፣ ልጄ» አለችው።

እሱም ጮክ አለ። ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ እጇን ከጆሮዋ አላወረደችም።