ተልባ ላይ የተኛው ቀለም

ይህ የምነግራችሁ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። ደብረ ታቦር ውስጥ የእኔን የይሻውን ወሬ የሚያምን ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። የዛሬው ግን ምንም ያልተቀጠለበት ነው።

የልጃቸው የመክሊት ሠልስት በወጣ ማግስት፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠመ፣ አያ ላቀው ጓዳ ገብተው ሳጥን ይገለብጡ ነበር። ፍራሽ አነሡ፣ ከአልጋ ሥር ጎነበሱ፣ ተመልሰው እዚያው ሳጥን ውስጥ ገቡ።

"ምን ጠፍቷቸው ነው?" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ።

"ነጠላ" አልሁት።

"በዚህ ሰዓት?"

ንፍሮዬን ቆረጠምሁ። ለእሱ ተራ ነጠላ ነው።

መክሊት ቤቷ ውስጥ ጨርቅ በውኃ ላይ ትቀባ ነበር። አትሳቁ። ተልባ ቀቅላ፣ አጥልላ፣ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ታፈስሰዋለች። እዚያ ላይ በዶሮ ላባ ቀለም ታንጠባጥብበታለች፤ ቀለሙ አይሰጥምም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። በሚዶ ጥርስ ትጎትተዋለች፣ ጎንበስ ብላ እፍ ትለዋለች፣ እንደ ጉም ይጠማዘዛል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ታስተኛበትና ስታነሣው ያን ሁሉ ይዞ ይነሣል።

"ይኸንኑ ድገሚው እስቲ" ብላት፣

"አይደገምም፣ ይሻው። ውኃው አንዴ ነው የሚሰጠኝ" አለችኝ።

በሑዳዴ አንድ ቀን ያንን ሳፋ ደጅ አገኘሁት። የጾም ተልባ መስሎኝ በጣሳ ቀድቼ ጠጣሁ። ምላሴ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሰማያዊ ነበር፤ ቄሱ ሳይቀሩ አፌን አስከፍተው አይተውታል። አያ ላቀው ሲስቁ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ።

"ልጄ፣ ይህን ሰውዬ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ሳይደርቅ እንዳይነካካን" አሏት።

ለእሳቸውም ነጠላ ቀባችላቸው። ስታነሣው እጇ ቀለም ነክቶ ኖሮ፣ አንዱ ጥግ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ ታተመ።

"አባባ፣ ለጥምቀት ይለብሱታል።"

"በስተርጅናዬ እንደ ጅግራ ተዥጎርጉሬ ልዙር?"

ሳቀች። አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችላቸው። ጥምቀት መጣ፣ አለፈ፣ አልለበሱትም። ከዚያ መክሊት የቀባችውን ጨርቅ ሁሉ ጭና ለገበያ ወደ ነፋስ መውጫ ስትሄድ፣ ከገሳይ ወዲያ መኪናው ተገለበጠ። እሷን አመጡልን። ጨርቁ ከመኪናው ጋር ነዶ ቀረ።

አያ ላቀው ባዶ እጃቸውን ከጓዳ ወጡ።

"ዘነበች፣ ሳጥን ውስጥ የነበረች ነጠላ አላየሽም?"

ዘነበች የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት። በኛ ሰፈር ሐዘንተኛ ልብሱን ራሱ አያጠቁርም፤ ጎረቤት ይሰበስብና ጥቁር ቀለም አፍልቶ ይነክርለታል። ያን የምታደርገው እሷ ናት።

"የቷን፣ አያ ላቀው?"

"ዥጉርጉሯን።"

ዘነበች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ከሌሎቹ ጋር ነከርኋት። የእሷ እጅ ሥራ መሆኑንማ አውቄ… ሌላ የቀባችው ሞልቷል ብዬ። ትከሻዎ ላይ ትሁን ብዬ።"

ጓሮ ወጣን። አጥሩ ላይ ጥቁር ልብስ ተደርድሯል፤ ጋቢው፣ ኩታው፣ ነጠላው፣ ሁሉም አንድ መልክ። አያ ላቀው ጥግ ጥጉን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። አሻራ በጣት አይዳሰስም፤ ይህን ሊነግራቸው የደፈረ የለም። በመጨረሻ አንዷን በዘርፏ ቋጠሮ ለዩዋት።

"በረኪና ባስነካትስ?" አለች ዘነበች፣ እንባዋ እየቀደማት።

"በረኪና የሁለታችሁን ቀለም ለይቶ አያውቅም፣ ልጄ። ተይው። ለእሷው ብለሽ ነው።"

ነጠላዋን ፀሐይ ላይ ዘረጓት። ይኸኔ ነው ጉዱ። ከጥቁሩ ሥር ሰማያዊውና ቀዩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ተጠማዘዘ፤ ጥጓ ላይ የመክሊት አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታየ። አያ ላቀው እንደ እሷ ጎንበስ ብለው እፍ አሉ።

እሺ፣ አንዷን ፈጥሬያታለሁ። ምላሴማ እውነት ነው፣ ቄሱን ጠይቁ። ከጥቁሩ ሥር ወጣ ያልኋችሁ ቀለም ነው የኔ። ምንም አልወጣም። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር።

እፍ ማለታቸው ግን እውነት ነው። ዘነበች ክንዳቸውን እስክትይዛቸው፣ ጨርቋን እያዟዟሩ እፍ ይሉባት ነበር።