ለሁለት ሰው «ኢንጊህ» የተባለበት ጋን

ቲዩርማ ሲሆምቢንግ የባታክ ልጅ ናት፤ እንደ ወገኖቿ የልቧን ፊት ለፊት ትናገራለች። ጃቫ ውስጥ ወዳለችው ፑርዎከርቶ ከተማ መጥታ በቤተ ሙከራ መሥራት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። የጃቫ ሰው «ኢንጊህ» ሲላት ግን ዛሬም «እሺ፣ አደርገዋለሁ» ያላት ይመስላታል። ቃሉ «ሰምቻለሁ» ብቻ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

አንድ ማለዳ፣ በቤተ ሙከራው የመስታወት ጋን ውስጥ፣ ከአፈር የተገኙ ባክቴሪያዎች የቅርንፉድ ቅጠል ዘይት ላይ ተሰማርተው ነበር። ኢንዛይማቸው ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ዘይቱን በአንዲት ቦታ ብቻ ይነካዋል፤ ያኔ የኬክ ማጣፈጫው ጣፋጭ ሽታ፣ ቫኒላ፣ ይሆናል። በጊዜው ካላስቆሙት ግን ሌላ ኢንዛይም ይቀበልና ቫኒላውን ሽታ የለሽ አሲድ ያደርገዋል።

ቀትር ላይ የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ፓክ (አቶ) ሱካርጃ ይመጣሉ። ዘይታቸውን ለቤተ ሙከራው ይስጡ ወይስ እንደ ወትሮው ለነጋዴ፣ አሽትተው ሊወስኑ ነው።

«ፕራሶጆ፣ ስብሰባ መግባቴ ነው። የቫኒላው ሽታ ሲጠነክር ወደ ጋኑ የሚገባውን አየር ዝጋና ጋኑን በረዶ ውስጥ ክተተው» አለችው ጃቫዊ ረዳቷን።

«ኢንጊህ፣ ቡ» አላት፤ «ቡ» እመቤቴ እንደ ማለት ነው።

ስትመለስ ክፍሉ ምንም አይሸትም። ጋኑ ይፍለቀለቃል።

«አልዘጋኸውም እንዴ?»

ፕራሶጆ አንገቱን ደፋ። «ዳይሬክተሩ መጡና እንግዳው ሲፍለቀለቅ ይዩት፣ እንዳትነካው አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ኢንጊህ።»

«ለእኔም ኢንጊህ፣ ለእሳቸውም ኢንጊህ! ባክቴሪያው ማንን ይስማ?»

«ታላቅ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል፣ ቡ?»

መደርደሪያው ላይ ከገበያ የተገዛ ቫኒላ ነበር። አንድ ጠብታ ቢገባ ማን ያውቃል? ቲዩርማ ጠርሙሱን አየችው። በለሆሳስ አንድ ቃል ለፈጣሪዋ ተናገረችና ፊቷን ከጠርሙሱ መለሰች።

ፓክ ሱካርጃ ገብተው አፍንጫቸውን ጋኑ ላይ ደፉ። «ይሄ እኮ ውሃ ነው።»

«ጠዋት ቫኒላ ነበር፣ ፓክ። ሳንይዘው አለፈን። አንዳችን ዝጋ፣ ሌላችን ተወው ብለን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እኛም ቅጠል ስናነጥር እሳት ጠባቂው ወሬ ከያዘ ውሃው ያልቅና ያርራል። ነጋዴው ግን አንድ ቀን እንኳ ጥፋቴ ነው ብሎኝ አያውቅም።» በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «በሉ ሌላ ጀምሩ፤ እዚሁ ሆኜ አያለሁ።»

«እስከ ምሽት ይቆያል እኮ።»

«ታዲያ ምሳ አምጡልኛ! የአኩሪ አተር ቴምፔም አይቅር።»

ፕራሶጆ ምግብ ፍለጋ ወጣ። ቲዩርማ አዲስ ዘይት ቀዳች፤ አየሩን ራሷ ከፈተችና እጇን ከመዝጊያው ሳታነሳ ቆመች።